ከሊሾው ሥር

አርማታ እሳት ሲበላው ቀለሙ ይለወጣል። ግራጫነቱ ይጠፋና የሸክላ ስባሪ ወደሚመስል ቅላት ይሄዳል። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሲረግጡትም ይችላል። ውስጡ ግን ሞቷል። ሚስማር ቢመቱበት በቀላሉ ይገባል፣ ቢስቡት ከነቁራሹ ይመጣል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። እኔ ግን አውቅ ነበር። የማወራላችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሣል፤ እያወቅሁ አልተናገርኩም።

ጌታቸው እባላለሁ። ጅጅጋ ተወልጄ ጅጅጋ ያረጀሁ ግንበኛ ነኝ። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ቤት ሠርቶ ቀረ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ነገሬ ቢንዛዛ ወይም ወዲያና ወዲህ ቢል ታገሡኝ። በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ ለአሸዋ አምጪ የላክሁት ማስታወሻ ነው።

ግቢያችን ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ አንድ ጠባብና ረጅም ክፍል አለው። ወለሉን በጉልበቴ ዘመን ያፈሰስኩት እኔው ነኝ። ድንጋይ ደልድዬ፣ ጠጠር መርጬ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ አጠጥቼ ነው የሠራሁት። በከተማው ውስጥ ስንት ወለል አፍስሻለሁ፤ የምኮራው ግን በሱ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ የባለቤቴ የአስካለ ታናሽ ወንድም ምትኩ እንጨት ይሠራ ነበር። አልጋ ይሠራል፣ ሶፋ ይሠራል፣ ቁም ሳጥን ይሠራል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አስካለ ናት። እኛ ልጅ አልወለድንም፤ ልጃችን እሱ ነበር።

በ2010 ክረምት ከተማችን ላይ የደረሰውን ቃጠሎና ግድያ የጅጅጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ የምነግረው የራሴን ግቢ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ጎረቤታችን፣ አንዲት የሶማሌ እናት፣ እኔንና አስካለን በጓሮ በኩል አስገብታ ቤቷ ውስጥ ቆለፈችብን። ምትኩ "መጋዜን አውጥቼ መጣሁ" ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ቤቱ በእንጨት፣ በስፖንጅና በቫርኒሽ የተሞላ ነበር። እሳቱ ከረፋድ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ነደደ። ማን እንደለኮሰው አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጽፍም። ምትኩን ያወጣነው በሦስተኛው ቀን ነው።

ወለሉ ላይ ጥቁር ምልክት ቀረ። በአሸዋ አሸሁት፣ በመሮ ፋቅሁት፤ አልለቅ አለ። አስካለ በዚያ ባለፈች ቁጥር ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች። አንድ ቀን "ጌታቸው፣ እንዳላየው አድርግልኝ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አራት ጣት የሚሆን ሊሾ አለበስኩት። ልሙጥ፣ ግራጫ፣ ሲያዩት የሚያምር ሊሾ። ቆርቆሮውንና የተቃጠሉትን ወራጆች በአዲስ ቀየርኩ። ከወራጆቹ ሁለቱ ግን ከሰል የሆኑት ጠርዛቸው ላይ ብቻ ስለነበር ኖራ ቀብቼ ተውኳቸው። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ክፍል በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም።

በከተማውም እንደዚሁ ነው። ማንም ለማንም "ይህ ቤት ተቃጥሎ ነበር" ብሎ አያሳይም። እኛ ብናነሣው ለሶማሌ ጎረቤቶቻችን ክስ ይመስልብናል። እነሱ ቢያነሡት የኛን ቁስል መነካካት ይመስላቸዋል። ሰላምታችን የሞቀ ነው፤ ለቅሶም ሠርግም አብረን እንውላለን፤ ያን ክረምት ግን እንዞረዋለን። ጨዋነት ብለን የያዝነው ይህን ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጉሌድ መጣ።

የአውበሬ ከተማ ልጅ ነው፤ ሠላሳውን ትንሽ አልፏል። ሸደር ላይ ከስደተኞች ጋር ለሚሠራ አንድ ድርጅት ኮምፒውተር ይጠግናል፤ በዕረፍት ቀኑ ጅጅጋ ይገባል። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገ።

"አዴር፣ ይህ ክፍል ባዶ ነው?" አለኝ። አዴር በነሱ አጎት ማለት ነው።

"ባዶ ነው። ምን ልትሸጥበት?"

"የምሸጠው የለኝም። ለራሴ ነው፣ ለፍላጎቴ። ማሽን ልሠራበት።"

"የምን ማሽን?"

"በኮምፒውተር የሚታዘዝ እንጨት ቀራጭ። ሲኤንሲ ይባላል። ትልቅ ነው የማስበው፤ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ የሚይዝ።"

"ተሠርቶ የሚገዛ የለም?"

"አለ። የተገዛ ነገር ግን ውስጡን አያሳይህም።"

ወደድኩት። አንተ ማለቱንም ወደድኩት፤ በቋንቋቸው ሽማግሌን እንዲያ ብለው ነው የሚጠሩት፣ ንቀት የለበትም። አስካለ ግን እንጨት ሲባል ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ሆኖም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ምሳ ታበላው ጀመር፤ እሱም "ኤዶ"፣ አክስቴ፣ ይላታል።

ስምንት ወር ሠራበት። የብረት ቧንቧውን፣ ቱቦላሬውን፣ ራሱ በየደ። ሞተሮቹንና ሐዲዱን በድንበሩ፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል አስመጣ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ጠረጴዛ አድርጎ ሊዘረጋው አልቻለም፤ ስለዚህ እንደ ቁም መስታወት አቆመው። ቁመቱ ከኔ በላይ ነው፤ እንጨቱ ፊቱ ላይ ቆሞ ይታሰራል፣ ቀራጩን ሞተር የተሸከመው ከባድ ብረት ደግሞ በሐዲዱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሮጣል። ጉሌድ ያንን ብረት "ጋሪው" ይለዋል። ከታች አራት እግር አለው፤ ግን ቦታ የለምና እግሮቹ ወደ ፊት ብዙም አልተዘረጉም።

"አዴር፣ ይህ ከተሳካ ቀጥሎ ግንበኛውን ነው በኮምፒውተር የማዝዘው" ይለኛል።

"እኔ የምታዘዘው ለአስካለ ብቻ ነው። ኮምፒውተርህ እሷን ያስፈቅድ።"

"ኤዶንማ ኮምፒውተሩም ይፈራታል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እንጨት ሞከረው። ጋሪው ሽቅብ ሮጦ ቆም፣ ቁልቁል ሮጦ ቆም ሲል ያ ሁሉ ብረት በእግሩ ዘለለ። እያየነው ስንዝር ያህል ወደ በሩ ተጠጋ።

"አየኸው? ይራመዳል!" አለ ጉሌድ እየሳቀ።

"አውበሬ ናፍቆት ይሆናል።"

ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ተለወጠ። እንደዚህ እየዘለለ ሲሠራ አንድ ቀን ፊት ለፊት ይደፋል፤ ያን ለማየት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። "መታሰር አለበት" አለ። "ግድግዳው ይችላል?"

"ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ክፍት ነው። አይችልም።" ይህን ሳልሳሳ ነገርኩት።

"እንግዲያስ ወለሉ ነው" አለ።

ምሳ ደርሷል ብዬ አወጣሁት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ቡሎኖቹን ይዞ መጣ። ጣት የሚያህሉ ወፍራም ቡሎኖች ናቸው። አንዱን አንሥቶ አሠራሩን አስረዳኝ። "ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ከላይ ያለው ዳዶ ሲጠብቅ ይህ ጫፉ ይሰፋና ዙሪያውን ይነክሳል። ስለዚህ የሚይዘው ብረቱ አይደለም፣ አዴር። ሲሚንቶው ነው።"

"ገብቶኛል።"

"ወለሉን ያፈሰስከው አንተ ነህ አይደል?"

"እኔ ነኝ።"

"ውፍረቱ ስንት ይሆናል?"

"ስንዝር ይሞላል።" ውሸት አልነበረም። ሊሾው ከአሮጌው ጋር ሲለካ ስንዝር ይሞላል።

"ጠንካራ ነው?"

"ሳፈሰው ጠንካራ ነበር።" ይህም ውሸት አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ለራሴ ብዙ ነገር ነግሬዋለሁ በዚያ ሰዓት። እሳቱ ሁሉንም እኩል አልበላው ይሆናል፤ አራት ጣት አዲስ ሊሾ አለበት፤ ደግሞ ዕቃው የመዝናኛ እንጂ የፋብሪካ አይደለም፤ እያልኩ። ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። ስለ ወለሉ ከተናገርኩ ስለ እሳቱ መናገሬ ነው። ስለ እሳቱ ከተናገርኩ ስለ ምትኩ መናገሬ ነው። ይህን ሁሉ ደግሞ ለማን? ለሶማሌ ልጅ፣ ያን ክረምት ድሬዳዋ ትምህርት ላይ ለነበረ፣ እጁ ለሌለበት ልጅ። የከሰስኩት እንዳይመስለው ፈራሁ። አስካለስ በመስኮት ብትሰማኝ? በምኗ ልትችለው ነው?

የመብሻውን ትራፓኖ አስነሣ። ከቀዳዳው መጀመሪያ የወጣው ብናኝ ግራጫ ነበር፤ የኔ ሊሾ ነው። ድንገት ትራፓኖው ሸርተት ብሎ ገባ፤ የሚበሳው ነገር የለሰለሰ ያህል። ብናኙም ቀላ።

ጉሌድ አቆመ። ብናኙን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሸው። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"አዴር፣ አሸዋው ከየት ነበር የመጣው?"

"ከፋፈን።"

"የፋፈን አሸዋ ቀይ ነው እንዴ?"

"አንዳንዱ" አልኩት። ይህ ግን ውሸት ነበር።

ትንሽ ጠበቀ። ዛሬ ሳስበው ረጅም ጊዜ ነው የጠበቀኝ። ከዚያ "ሃዬ" አለ፤ እሺ ማለቱ ነው፤ ጣቱ ላይ የቀረውን ብናኝ እፍ ብሎ አበረረው።

ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት፣ ስምንት ቀዳዳ በሳ። ከኋላው የግራ እግር ላይ ዳዶውን በኪያቤ ሲያጠብቅ ግን መዞሩን አላቆም አለ።

"ይዞራል" አለኝ።

"ምኑ?"

"አይነክስም፤ አብሮ ይዞራል።"

ተንበርክኬ ኪያቤውን ተቀበልኩት። እጄ ወዲያው አወቀው። በቡሎኑ ዙሪያ ያለው አርማታ እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን "ጠጠር ነክቶ ይሆናል፤ ትንሽ ወደዚህ ፈቀቅ አድርገህ ብሳው" የሚል ነው። ፈቀቅ አድርጎ በሳው። ያኛው ያዘ። የያዘው ሊሾውን እንጂ ከሥሩ ያለውን እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ።

ሲጨርስ ማሽኑን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። እኔንም አስነቀነቀኝ። አልተንቀሳቀሰም። ጉሌድ ትከሻዬን መታ አደረገኝና "ወለልህ ጎበዝ ነው፣ አዴር" አለኝ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እንጨቱን ሊያስር ሲያዘጋጅ እኔ ወደ ግቢ ወጣሁ። አስካለ ጥላው ውስጥ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ብላ ሳታየኝ በፊት ዓይኗ ሱሪዬ ላይ አረፈ። ጉልበቴ በቀይ ብናኝ ተለውሷል።

"በሳው?" አለች።

"በሳው።"

"ነገርከው?"

"አልነገርኩትም።"

ሰፌዱን አስቀመጠች። "ይይዛል?"

"አላውቅም።"

"አንተ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት ግንበኛ ነህ። አላውቅም ምን ማለት ነው?"

"አይይዝም ማለት ነው፣ አስካልዬ።"

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ወይም ታለቅሳለች። ድምፅዋ ግን የተረጋጋ ነበር። "ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድና ንገረው።"

"ስለ ምትኩም?"

"ስለ ምትኩም። ሂድ።"

አራት ዓመት ስሙን ከአፏ አልሰማሁም ነበር።

ከጥላው እስከ ክፍሉ ሃያ ርምጃ ቢሆን ነው። ጉልበቴ አይታዘዝም፣ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ግማሹን ሳልደርስ የማሽኑ ሞተር ተነሣ። በሩ ላይ ስደርስ ጋሪው እየሮጠ፣ የእንጨቱ ስባሪ እየተረጨ፣ ጉሌድ የዓይን መከለያውን አድርጎ እንደ ልጅ እየሳቀ አገኘሁት። እንጨቱ ላይ አበባ እየወጣ ነበር።

"ና ግባ፣ አዴር! ለእናቴ የምሠራላት በር ነው!"

"ጉሌድ፣ አጥፋው!"

"ምን?"

"አጥፋው! የምነግርህ አለ!"

"ሁለት ደቂቃ! መሃል ላይ ከቆመ ይበላሻል!"

እሺ አልኩ። ይህንንም ጻፍልኝ ያለኝ የለም፤ ግን እጽፈዋለሁ። ተቆጥቼ ገመዱን መንቀል እችል ነበር። ሁለት ደቂቃ ምን ትጎዳለች ብዬ፣ የልጁን ደስታ ላለማቋረጥ ብዬ፣ እሺ አልኩ፤ ቆምኩ።

ቆሜ ወለሉን አየሁ። የኋላው የግራ እግር ዙሪያ ሊሾው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። ክብ ናት። ጋሪው ሽቅብ ሲወጣ ትከፈታለች፣ ሲወርድ ትዘጋለች። እንደሚተነፍስ ነገር።

"ጉሌድ! ሽሽ!"

ወለሉን ቢያይ ኖሮ ይገባው ነበር። እሱ ግን እኔን ነው ያየው፤ ሽማግሌው ምን ሆነ ብሎ። ጋሪው የላይኛው ጫፍ ደርሶ ቆም ሲል የኋላዎቹ እግሮች ከነወለሉ ተነቀሉ። በእያንዳንዱ እግር ሥር ሰሐን የሚያህል የሊሾ ቁራሽ ተንጠልጥሎ አየሁ፤ ከላይ ግራጫ፣ ከሥር ቀይ።

ወደ ጎን ቢዘል ይተርፍ ነበር። ስምንት ወር የለፋበት ነገር ሲወድቅ ግን ሰው አይዘልም፤ እጁን ይዘረጋል። ጉሌድ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሊይዘው ሞከረ።

ድምፁን አልገልጽም። አስካለ ከየት እንደደረሰች አላውቅም፤ ሮጣ ከግቢው ቆጣሪ ላይ መብራቱን አጠፋች። ከመንገድ ሰዎች ገቡ፤ ሶማሌውም አማራውም ጉራጌውም፤ ብረቱን ለስምንት ሆነን አነሣነው። ቀኝ እጁ ከታች ነበር። ወደ ግቢ ስናወጣው አስካለ ነጠላዋን ቀድዳ ክንዱን አሰረችው፤ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድነው። መንገዱን ሙሉ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። "አዴር፣ በሩ ተበላሸ?" ይለኛል። "አልተበላሸም" እለዋለሁ። ይህም ውሸት ነበር፤ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ሐኪሙ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። "አባቱ ነዎት?" አለኝ።

"አይደለሁም።"

"እጁን ማትረፍ አልቻልንም። ከአንጓው በላይ ነው የምንቆርጠው።"

እናቱ ሐዎ ከአውበሬ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት። አማርኛዋ ጥቂት ነው። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና የሆነውን ሳታውቅ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ፤ ከልጇ ጋር የዋልኩ ደግ ሽማግሌ መስያታለሁ። ውሃውን ተቀብዬ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጉሌድ ነቃ። አስካለ በራስጌው፣ እናቱ በግርጌው ነበሩ። እኔ ቆሜ ነገርኩት። አርማታ ሲቃጠል ምን እንደሚሆን፣ ሊሾውን ለምን እንዳለበስኩት፣ አሸዋው ቀይ እንዳልነበረ፣ ምትኩ ማን እንደነበረ። ስናገር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

"አውቄ ነበር፣ አዴር" አለ።

"ምኑን?"

"መብራት ልሰቅል ስወጣ ወራጁ ላይ ኖራው ተላጠ። ከሥሩ ከሰል ነበር። ያኔ ቤቱ እንደተቃጠለ ገባኝ። ቀዩን ብናኝ ሳይ ደግሞ ወለሉም ሳይነካ እንዳልቀረ ጠረጠርኩ። አሸዋው ከየት ነው ያልኩህ አንተው እንድትነግረኝ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ለምን አፍ አውጥተህ አልጠየቅከኝም?"

ዓይኑን ገለጠ። "እኔ? እኔ የሶማሌ ልጅ፣ ምሳ ታበላኝ በነበረች ሴት ቤት ገብቼ፣ እዚህ ምን ተቃጠለባችሁ ብዬ ልጠይቅ? እንዴት አድርጌ? ቡሎን ብጨምር ይይዝ ይሆናል እያልኩ ነበር የማስበው።"

አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሐዎ ምን እንደተባለ በሶማልኛ ጠየቀችው። ቀስ ብሎ ነገራት። ስትሰማ አንዴ እኔን፣ አንዴ የተጠቀለለውን ክንድ ታያለች። ሲጨርስ ወደኔ ዞረች። ከዚያ በዚያ በጥቂት አማርኛዋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ "አንተ አፈርክ" አለችኝ። ወደ ልጇ ዞረች። "እሱ አፈረ።" ቀጥላ ክንዱን አሳየችኝ። "እጁ ምን አደረገ?"

ጥያቄዋን ይዤ ከክፍሉ ወጣሁ። ዛሬም ይዤዋለሁ።

ከሳምንት በኋላ ግቢያችን መጣች። ወለሉን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ማሽኑ እንደተጋደመ ነበር፤ የተነቀሉት ቁራሾች አጠገቡ ተቀምጠዋል። አስካለ ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍሉ ገባች። ተንበርክካ ከተሰነጠቀው ሊሾ አንድ ቁራሽ በእጇ ገነጠለች፤ ከሥሩ ጥቁሩ ታየ።

"ወንድሜ እዚህ ነበር" አለቻት።

ሐዎ መዳፏን ጥቁሩ ላይ አደረገች። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ አቧራው ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጠች። አልተቃቀፉም። ይቅር ያልነውም ይቅር የተባልነውም የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ተቀምጠው ሐዎ ተነሥታ ሄደች። ከበሩ ላይ ሆና "ያ ብረት ልጄ ዓይን ፊት እንዳይቆም" ብቻ አለችኝ።

ወለሉን በሙሉ አነሣሁት። በከባዱ መዶሻ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ብቻዬን። ሰው ላግዝ ሲለኝ እምቢ አልኩ። የጠቆረውን ቁራሽ አስካለ በእጇ ለቅማ በጆንያ ከታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ምትኩ ወዳለበት ወሰደችው።

አዲሱን አርማታ ላፈስ በተዘጋጀሁበት ጠዋት ጉሌድ መጣ። የቀኝ እጅጌው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በግራ ብብቱ ስምንት ቀዳዳ ያለው ጣውላ ይዟል፤ በየቀዳዳው አዲስ ቡሎን ቆሟል።

"እናትህ ከልክላለች" አልኩት።

"አውቃለሁ። ማሽኑን አልተክለውም። ምያለሁ።"

"ታዲያ ይህ ምንድን ነው?"

"መጀመሪያውኑ እንዲህ ነበር መሠራት የነበረበት። መብሳት የለም። ቡሎኑን ከአርማታው ጋር አብረህ ታፈሰዋለህ። አንድ ጊዜ በትክክል ሆኖ ልየው።"

በግራ እጁ ጣውላውን ይዞ፣ እኔ ዙሪያውን እየሞላሁ፣ ውሃ ልክ እያስቀመጥኩ ሠራነው። መሃል ላይ "ውፍረቱ ስንት ነው?" አለኝ።

"ሁለት ስንዝር።"

"ከሥሩስ?"

"ድንጋይ። ከድንጋዩ ሥር ቀይ አፈር። ሌላ ምንም የለም።"

"በፊትስ እዚህ ማን ነበር?"

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ሐኪም ቤት የነገርኩት አሟሟቱን ነበር። አሁን የጠየቀኝ ስለ ሰውየው ነው። ምትኩ እንጨት ሲልግ እንደሚያፏጭ፣ ሶፋ ጨርሶ መጀመሪያ አስካለን እንደሚያስቀምጣት፣ ጫት አልቅምም እያለ ለጓደኞቹ እንደሚገዛ ነገርኩት። አርማታው እስኪጠነክር አወራን።

ይህን ለምታነቡ፣ ከኔ የምትማሩት ካለ ከኔ ዕውቀት አይደለም። እኔ ሰው ላለማስቀየም ብዬ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፤ ልጁም ላለማስቀየም ዝም አለ፤ ሁለታችንም ራሳችንን ጨዋ ብለን ነበር። ከመካከላችን አንዳችን ባለጌ ሆኖ ቢሆን ያ እጅ ዛሬ ይኖር ነበር። ማታ ማታ የማስበው ይህን ነው። ጉሌድ አሁን በግራው ይጽፋል፣ በግራው ኮምፒውተር ይፈታል። አይወቅሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ብረቱን ፈታትቶ ለሚፈልጉት ሰጠው።

ክፍሉን አላከራየሁትም። ስምንቱ ቡሎኖች ከወለሉ ላይ ቆመው አሉ፣ ምንም ሳይሸከሙ። ልቁረጣቸው ብል አስካለ አትንካ አለችኝ። ሰው ሲገባ እግሩን ይመታዋል፤ ጎንበስ ብሎ ያያቸውና "ጋሽ ጌታቸው፣ ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?" ይለኛል። ሶማሌም ይሁን ሌላ ሰው፣ እንግዳም ይሁን ጎረቤት፣ አሁን ነገሩን አልዞረውም።

ወንበር አቀርብለትና "ቁጭ በል፣ ረጅም ነው" እለዋለሁ። "ከምትኩ ልጀምርልህ።"